ሙሉውን አይውሰዱ፦ አንዲት ፎልደር ብቻ ለሚሹ የተሰጠ ምክር

ከአንድ ትልቅ የኮድ ሪፖ ውስጥ አንዲት ፎልደር ብቻ ማውጣት ያሰኘዎት ዕለት፣ ከትእዛዝ በፊት ድፍረት ያስፈልግዎታል። በዙሪያዎ ያሉት ሁሉ ሙሉውን ወስደዋልና። ሙሉውን ወስደው ብራንች ሲቀይሩ ማኪያቶ ያዛሉ፤ «ጊት ስታተስ» ብለው ጽፈው መልሱን ሲጠብቁ ቴሌግራም ይከፍታሉ፤ ዲስኩ ሞላ ሲባሉ የልጃቸውን የልደት ቪዲዮ ይደመስሳሉ። ማንም ግን «ይህን ሁሉ ምን ላደርገው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እርስዎ በመካከላቸው ተነሥተው «እኔ የምሠራው በአንዲቱ ፎልደር ነው፤ የቀረው እዚያው ይቀመጥልኝ» ቢሉ የቡድን መንፈስ የጎደለዎት ሰው ተደርገው እንደሚታዩ ይወቁ። ይህ ምክር የተጻፈው ያንን ሐሜት ችለው ለመኖር ለቆረጡ ብቻ ነው።

በባልደረቦችዎ አይፍረዱ። ነገሩ የጊት አስተዳደግ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ጊትን የጻፈው ለሊኑክስ ከርነል ነበር፤ የከርነሉ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ፕሮግራም ነፃ ፈቃዱ ስለተነሣ ምትኩ በጥድፊያ ተፈለገ። የከርነል ሰው ደግሞ የሚሻው ሁሉንም ነው። ስለዚህ ጊት ገና ከልጅነቱ ለመጣው ሁሉ ሁሉንም ፋይል ከነሙሉ ታሪኩ ማደል ለመደ። ነገረ ሥራው የአገራችንን ቤት ባለቤት ይመስላል፤ «አንድ ጉርሻ ይበቃኛል» ቢሉት «በሞቴ!» ይልና መሶቡን በሙሉ ያቀርብልዎታል፣ ባለፉት ዓመታት ተበልቶ ያለቀውን ወጥ ጭምር።

በዚህ መስተንግዶ የተቸገሩት ትንንሾች ብቻ አይደሉም። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ኮድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ጊት ሲያዛውር ሪፖው 3.5 ሚሊዮን ያህል ፋይሎችና 300 ጊጋባይት ያህል ክብደት ነበረው። መፍትሔ ከመገኘቱ በፊት አንድ ክሎን ከ12 ሰዓት በላይ፣ አንድ ቼካውት እስከ 3 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ «ምን ቀየርኩ?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ 10 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። 4,000 ያህል መሐንዲሶች እንዲህ ሆነው ሊሠሩ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያ መፍትሔውን ከፋይል ሲስተሙ ጀመረ፤ ፋይሎቹ ሁሉ ያሉ መስለው እንዲታዩ፣ ሲከፈቱ ብቻ እንዲወርዱ አደረገ። ጊትን ከማሳመን ኮምፒውተሩን ማታለል ቀለለው ማለት ነው።

እርስዎ ዊንዶውስን አይሠሩም፤ ቢሆንም አይናቁ። የትንሽ መሥሪያ ቤት ሪፖም የሚወፍርበት መንገድ አያጣም። አንዱ ለደንበኛ የተሠራውን የማስታወቂያ ቪዲዮ «ለጊዜው ነው» ብሎ ኮሚት ያደርጋል። ሌላው «ኖድ_ሞጁልስ»ን ከነኮተቱ ያስገባል። ሎጎው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «እውነተኛው_የመጨረሻ» እየተባለ ይባዛል። ከዚያ አንድ ንቁ ሠራተኛ ይመጣና ሁሉንም ጠራርጎ ይደመስሳል። ይጨበጨብለታል። የሪፖው ክብደት ግን አንዲት ኪሎባይት አይቀንስም፤ የተደመሰሰው ሁሉ በታሪክ ውስጥ በሰላም ይኖራልና።

እንግዲህ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሽማግሌ ያማክሩ። ጊት ከመስፋፋቱ በፊት፣ ሰብቨርዥን በተባለው ፕሮግራም ዘመን የሠራ ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም። እሳቸው «በእኛ ጊዜ የፎልደሩን አድራሻ ሰጥተን ፎልደሩን ብቻ ይዘን እንሄድ ነበር» ይሉዎታል። አይከራከሯቸው፤ እውነታቸውን ነው። በሰብቨርዥን የሪፖው ማናቸውም ፎልደር የራሱ አድራሻ ስላለው ለብቻው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው 1.5 እትም ደግሞ «--ዴፕዝ» የሚል አማራጭ አመጣ፤ ባዶውን ፎልደር ብቻ፣ ፋይሎቹን ብቻ፣ የቅርብ ልጆቹን ብቻ፣ ወይም እስከ ሥሩ እያሉ ማዘዝ ተቻለ። ሽማግሌው ይህን ሲተርኩ በአክብሮት ራስዎን ይነቅንቁ። ሲጨርሱ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ኮሚት እንዴት ያደርጉ እንደነበር ይጠይቋቸው። ዝም ይላሉ። እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ከዚህ በላይ መሄድ ብልግና ነው።

ሽማግሌው የማይረሱት ሌላም ነገር አለ። ጊትሃብ ለብዙ ዓመታት ሪፖዎቹን በሰብቨርዥን ፕሮግራም ጭምር መክፈት ይፈቅድ ነበር። በዚህ የተነሣ ከጊት ሪፖ አንዲት ፎልደር ብቻ የፈለገ ሰው ጊትን ራሱን ወደ ጎን ትቶ ተቀናቃኙን ሰብቨርዥንን ይጠራል፤ አድራሻው ላይ የብራንቹን ስም በ«ትራንክ» ይለውጣል፤ ፎልደሩን አንሥቶ ይሄዳል። ይህ የጓሮ በር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ተዘጋ። አሁንም ይህንኑ ዘዴ የሚመክርዎ ሰው ካለ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዜናው አልደረሰውም።

ፍትሕ ለጊትም ይገባዋል። እሱም ይህን ችሎታ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ከ1.7 እትሙ አንሥቶ ነበረው። አጠቃቀሙ ግን ለሰው ተብሎ የተሠራ አይመስልም ነበር። አንድ ማስተካከያ ያበራሉ፤ ከዚያ ድብቁ የ«.ጊት» ፎልደር ውስጥ ገብተው የሚሹትን ፎልደሮች በእጅዎ ፋይል ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ «ሪድ-ትሪ» የተባለ፣ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ትእዛዝ ይሰጣሉ። መስመሩን ከተሳሳቱ ጊት «እንዲህ ካደረግሁማ ምንም ፋይል አይተርፍዎትም» ብሎ እምቢ ይላል። ጃንዋሪ 2020 ላይ በወጣው 2.25 እትም ነው ነገሩ «ጊት ስፓርስ-ቼካውት» የሚል የራሱን ትእዛዝ ያገኘው፤ ሥራውን በዋናነት የሠራው በዚያን ጊዜ ማይክሮሶፍት የነበረው ዴሪክ ስቶሊ ነው። የዊንዶውስ ሰዎች ያን ሁሉ ተቸግረው በመጨረሻ ጊትን ራሱን ወደ ማሳመን ተመለሱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተግባር። ለድረ ገጽዎ የአማርኛ ፎንት አስፈለገዎ እንበል። የጎግል ፎንቶች ሪፖ ጊትሃብ ላይ ክፍት ነው፤ ከሺህ በላይ የፎንት ቤተሰቦች እንደየፈቃዳቸው ዓይነት «ኦኤፍኤል»፣ «አፓቺ» እና «ዩኤፍኤል» በተባሉ ፎልደሮች ተመድበውበታል። እርስዎ የሚሹት «ኦኤፍኤል» ሥር ያሉትን «አቢሲኒካሲል» እና «ኖቶሳንስኢትዮፒክ» ነው። ሙሉውን ክሎን ካደረጉ ግን ጃፓን የምትጽፍበት፣ ኮሪያ የምትጽፍበት፣ ለሰርግ ካርድ የሚሆን ጥምዝምዝ የላቲን ፊደል ሁሉ በሞባይል ዳታዎ ላይ ጊጋባይት በጊጋባይት ይወርድብዎታል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ ይቋረጣል። ጊት ደግሞ የተቋረጠ ክሎንን ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ያን ጊዜ አዲስ ጥቅል ይገዛሉ። ይህን ምክር ያላነበበ ጎረቤትዎም ይገዛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ «ጊት ክሎን --ፊልተር=ብሎብ:ነን --ስፓርስ» ብለው የሪፖውን አድራሻ ያስከትሉ። ሲያበቃ ወደ ወረደው ፎልደር ይግቡ። በመቀጠል «ጊት ስፓርስ-ቼካውት ሴት» ብለው የሁለቱን ፎልደሮች መንገድ በክፍተት ለይተው ይጻፉ፦ «ኦኤፍኤል/አቢሲኒካሲል»፣ ቀጥሎ «ኦኤፍኤል/ኖቶሳንስኢትዮፒክ»። (ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ያስገቡ። አማርኛ ይገባው እንደሆነ ለመፈተን ለሚሹ አልከለክልም።) አለቀ። የፎንቱ ፋይል፣ ከአጠገቡም የፈቃዱ ጽሑፍ ይመጣል። ፈቃዱን ያንብቡት። ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምክር ስለሆነ ማለት አለብኝ።

ከላይ «--ፊልተር» የሚለውን በዋዛ እንዳያልፉት። ብዙ ጨዋ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ስፓርስ» የሚለውን ብቻ ጽፎ ሁለት ፎልደር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ለጓደኞቹም ያሳያል። ማታ የዲስኩን ክብደት ሲለካ ግን ሙሉው ሪፖ ድብቁ «.ጊት» ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጦ ያገኘዋል። ዳታውም ሄዷል። ስፓርስ-ቼካውት የሚቀንሰው የሚያዩትን ነው፤ ፊልተር የሚቀንሰው የሚወርድልዎትን ነው፤ «--ዴፕዝ 1» የሚባለው ደግሞ የሚያሳጥረው ታሪኩን ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስብሰባ ላይ አንዱን በሌላው ፈንታ እየጠራ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥምዎት አያርሙት፤ አብዛኛውን ጊዜ አለቃ ነው።

ፊልተር ዕዳም አለው፤ አልደብቅዎትም። በ«ብሎብ:ነን» ክሎን ሲያደርጉ የኮሚቶቹ ሁሉ ዝርዝርና የፎልደሮቹ አወቃቀር ይመጣል፤ የፋይሎቹ ይዘት ግን በተፈለገ ጊዜ ብቻ ከሰርቨሩ ይጠራል። ስለዚህ አንድን መስመር ማን እንደጻፈው ለማወቅ «ጊት ብሌም» ያሉ ዕለት፣ ጊት የፋይሉን የድሮ መልኮች ሊያመጣ ወደ ኢንተርኔት ይሮጣል። መብራት ከሄደ ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ጥፋተኛ ፍለጋው ለነገ ይተላለፋል። ለቢሮ ሰላም ይህ ጉዳት አይደለም።

ሁለት ፎልደር አዝዘው አንዳንድ ያልጠሯቸው ፋይሎችም መጥተው ሲያገኙ አይቆጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 2.37 እትም ወዲህ ጊት ሌላ ካላሉት በቀር «ኮን» በተባለው ስልት ነው የሚሠራው። በዚህ ስልት የሚመረጠው ፎልደር እንጂ ፋይል አይደለም፤ ከመረጡት ፎልደር በላይ ባሉት ወላጆቹ ውስጥ በቀጥታ የተቀመጡ ፋይሎችም አብረው ይመጣሉ። ልጅን ጠርቶ ወላጆቹን ደጅ ማቆም ነውር መሆኑን ጊትም ያውቃል።

ችግር የሚመጣው አንድ ፋይል ብቻ የፈለጉ እንደሆነ ነው። የዩኒኮድ ድርጅት ሲኤልዲአር የሚባል ሪፖ አለው፤ የየቋንቋው የቀናትና የወራት ስሞች፣ የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፎች የሚሰበሰቡበት ነው። ስልክዎ በአማርኛ ሲሠራ «ማክሰኞ» ማለትን የሚያውቀው ከዚህ ዓይነት መረጃ ነው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት የእኛ ወራትም እዚያ ተመዝግበዋል። የአማርኛው ፋይል፣ «ኤኤም.ኤክስኤምኤል» ይባላል፣ የሚኖረው «ኮመን/ሜይን» ፎልደር ውስጥ ከመቶዎች ጎረቤቶቹ ጋር ነው። በኮን ስልት ጎረቤቶቹን ትቶ እሱን ብቻ ማምጣት አይቻልም። «--ኖ-ኮን» ብለው የፋይሉን መንገድ በስርዓተ ጥለት መጻፍ ይችላሉ፤ ይሠራልም። ግን በትልቅ ሪፖ ላይ ጊት እያንዳንዱን ፋይል ከእያንዳንዱ መስመር ጋር ሲያስተያይ ይውላል፤ የጊት መመሪያም ራሱ ይህን መንገድ አይመክርም። የእኔ ምክር፦ ጎረቤቶቹንም ይውሰዱ። ጽሑፍ ናቸው፤ አይከብዱም። ከትግርኛው፣ ከስዋሂሊው፣ ከዌልሹ ጋር ይቀመጥ፤ የሚጎዳው የለም። ቁጠባ ሲበዛ መልሶ ጊዜ ይበላል።

አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ፦ «ሴት» የሚለው ትእዛዝ አዲስ ዝርዝር ያወጣል እንጂ በነበረው ላይ አይጨምርም። ሁለት ፎልደር የነበረው ሰው «ሦስተኛዋን ላምጣ» ብሎ «ሴት» ሲል ሁለቱ ከፊቱ ይሰወሩና ሦስተኛዋ ብቻ ትቀራለች። የሚጨምረው «አድ» ነው። በተሰወሩት ውስጥ ያልተመዘገበ ለውጥ ካለዎት ጊት እነዚያን ፋይሎች እዚያው ትቶ ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል፤ በዚህ ረገድ ከብዙ ሰው ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ደርሰናል፤ ተቀምጠው ያንብቡት።

ፎልደሮቹ ከፊትዎ ቢጠፉም ከሪፖው አልጠፉም። ጊት በውስጥ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ያልመጣ ፋይል አጠገብ «ይህን ዲስኩ ላይ አትፈልገው» የሚል ምልክት ያደርጋል እንጂ ፋይሉን ከዝርዝሩ አይሰርዝም። ኮሚት ሲያደርጉ ያ ያላዩት ሁሉ ባለበት አብሮ ይመዘገባል። ስለዚህ አለቃዎ በትከሻዎ በኩል አይቶ «የሒሳብ ክፍሉ ኮድ የት ሄደ?!» ብሎ ቢጮህ ተረጋግተው ይመልሱለት። ወይም፣ የሥራ ውልዎ ጠንካራ ከሆነ፣ ለጥቂት ደቂቃ አይመልሱለት።

ለዚህም ጊት አንድ ታማኝ አስታዋሽ አስቀምጦልዎታል። «ጊት ስታተስ» ባሉ ቁጥር በስፓርስ ቼካውት ላይ እንዳሉና ከሪፖው ፋይሎች ስንት በመቶው በእጅዎ እንዳለ ይነግርዎታል። 4 በመቶ ይላል እንበል። ብዙ ሰው ይህን መስመር ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አያየውም። እርስዎ ግን በየጠዋቱ ጮክ ብለው እንዲያነቡት እመክራለሁ፦ «እኔ ከዚህ ሥራ የማየው 4 በመቶውን ነው»። ቢሮ ውስጥ ያሉት ይሥቁ ይሆናል። ይሣቁ።

ይህን የምለው ለመቀለድ አይደለም፤ ከባዱ ፈተና ስለሚመጣ ነው። አንድ ቀን በፎልደርዎ ውስጥ ያረጀ ፈንክሽን ያገኛሉ። ስሙ «ቫት_አስላ2» ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ አንደኛው «ቫት_አስላ» ምን እንደሆነም አይታወቅም። ንጹሕ ኮድ የሚወዱ ሰው ነዎትና ማጥፋት ያሰኝዎታል። ጠንቃቃም ነዎትና «ማን ይጠቀምበታል?» ብለው በሪፖው ይፈልጋሉ። መልሱ፦ ማንም። ልብ ይበሉ! የፈለጉት በ4 በመቶው ውስጥ ነው። ኤዲተርዎ የሚያየው ዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ «ጊት ግሬፕ»ም እንዲሁ ካሉት ያልመጡትን ፋይሎች ይዘላቸዋል። የደመወዝ ክፍሉ፣ የደረሰኝ ማተሚያው፣ የክልል ቅርንጫፎች ሪፖርት፣ ሁሉም ይህንኑ ፈንክሽን በየቀኑ እየጠሩ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን በፍጹም ቅንነት «ማንም አይጠቀምበትም» ብለው ኮሚት መልእክት ይጽፋሉ። ፎልደርዎ ውስጥ ያሉት ቴስቶች ሁሉ ያልፋሉ። ያልፋሉ እንጂ፤ ለምን አያልፉም? ፑሽ ያደርጋሉ። ሙሉውን ሪፖ የሚያወጣው የቴስት ሰርቨር ካለ እሱ ጉድዎን ቶሎ ያወጣዋል። ከሌለ ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንት ይወጣል።

ስለዚህ «የለም» የሚል ቃል ከአፍዎ ከመውጣቱ በፊት በመቶኛውን ይመልከቱ። ከመቶ በታች ከሆነ ቃሉን ይዋጡትና «እኔ ጋ የለም» ይበሉ። ይህ ዐረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ለአንዳንድ ሲኒየሮች ግን እጅግ ይከብዳቸዋል። በእርግጥ «ጊት ግሬፕ --ካሽድ» ብለው ዲስኩ ላይ በሌለው ውስጥም መፈለግ ይችላሉ። በፊልተር ክሎን ካደረጉ ግን ጊት ሊፈልግበት ሲል ያልወረደውን ሁሉ ማውረድ ይጀምራል፤ ያን ሁሉ ዘዴ የዘየዱለት ክብደት በአንድ ፍለጋ ተመልሶ ይገባል። የሚሻለው በሰርቨሩ ላይ መፈለግ ነው። ከዚያም የሚሻለው የደመወዝ ክፍሉን ኮድ ለሚሠራው ሰው ደውሎ መጠየቅ ነው። ይህኛው ትእዛዝ በየትኛውም የጊት እትም ይሠራል።

ጎግልን የሚጠቅስ ሰው ሁሌ አይጠፋምና መልሱን ያዘጋጁ። አዎን፣ የጎግል መሐንዲሶች አብዛኛውን ኮዳቸውን በአንድ ሪፖ ነው የሚያኖሩት፤ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት ጃንዋሪ 2015 ላይ 1 ቢሊዮን ያህል ፋይሎችና 86 ቴራባይት ነበር። ነገር ግን ማንም ወደ ላፕቶፑ አያወርደውም። የሥራ ቦታው ያለው በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ነው፤ መሐንዲሱ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይፈልጋል፣ የሚቀመጥለት ግን እሱ የቀየረው ብቻ ነው። ያን ሁሉ እያየ እንጂ ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም ጥቂት የሚይዘው። እርስዎ ያ ሥርዓት የለዎትም። ያለዎት የደመወዝ ክፍሉ ባልደረባ ስልክ ቁጥር ነው።

ሌላም የሚጠብቅዎ ነገር አለ። በሰላም በፎልደርዎ ተቀምጠው መርጅ ሲያደርጉ፣ ከዚያ በፊት ዓይተውት የማያውቁት ፋይል ኮንፍሊክት ይዞ በድንገት ዲስክዎ ላይ ይከሰታል። ጊት ጠቡን ሊፈታው ስላልቻለ እርስዎ እንዲዳኙት ከማያውቁት ሰፈር አምጥቶት ነው። የሚያውቁት መስለው አይዳኙ። ባለቤቱን ይጥሩ፤ ነገሩ ሲያልቅ «ጊት ስፓርስ-ቼካውት ሪአፕላይ» ቢሉ እንግዳው ፋይል ወደ መጣበት ይመለሳል።

ፎልደርዎ ለብቻዋ አልገነባ ብትል ደግሞ አይደነቁ። ከላይኛዋ «ኮመን» ወይም «ዩቲልስ» ከተባለች ፎልደር የምትበደረው አይጠፋም። «አድ» ይበሉ። እሷም ከሌላ ትበደራለች። እንደገና «አድ» ይበሉ። በዚህ አካሄድ እስከ ማታ 70 በመቶ ከደረሱ ችግሩ የጊት አይደለም፤ ሪፖው ውስጥ ያሉት ክፍሎች በስም ብቻ የተለያዩ ናቸው። ይህን ግኝት ለአለቃዎ በጽሑፍ ያቅርቡ። ምላሹን በትዕግሥት ይጠብቁ፤ ለእኔም እንዲደርሰኝ ያድርጉ።

የሚከተለው ለሥራ አስኪያጆች ብቻ ነው፤ እነሱም ለነገሩ ጽሑፍን በስፓርስ ነው የሚያነቡት። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛው «የእሱን ፎልደር ብቻ እንዲያይ በስፓርስ ይሰጠው» ብለው አይዘዙ። ስፓርስ-ቼካውት መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ መጋረጃውም የተሰቀለው በሠራተኛው በኩል ነው፤ ሲፈልግ በአንድ ትእዛዝ ይገልጠዋል። በጊት ሪፖውን ማንበብ የተፈቀደለት ሰው ሁሉንም ያነባል። በሰብቨርዥንና ፐርፎርስ በተባለው መሰል ፕሮግራም ፈቃድን በየፎልደሩ መከፋፈል ይቻላል፤ ሽማግሌው ይህንንም ሊነግሩዎ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። በጊት ግን የሚደበቅ ነገር ካለ ለብቻው ሪፖ ይሠራለታል። የዳታቤዙ ፓስዎርድ እዚያው ሪፖ ውስጥ መሆኑን እስካሁን ካላወቁ፣ ይህን ዛሬ ሌሊት አያስቡት፤ ነገ ጠዋት ያስቀይሩት።

በመጨረሻም አንድ ቀን ይህ ሁሉ ይሰለችዎታል። ወይም ቦታ ይቀይሩና ሙሉው ያስፈልግዎታል። ወይም አዲሱ ላፕቶፕ ይመጣና ዲስኩ ሰፊ መሆኑን ያያሉ። ያን ጊዜ ትእዛዙ «ጊት ስፓርስ-ቼካውት ዲሴብል» ነው። ከመጫንዎ በፊት ያሉበትን ዋይፋይ ይመልከቱ። የቢሮው ከሆነ ባልደረቦችዎ ምሳ እስኪወጡ ይጠብቁ። የራስዎ የሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ስንት እንደቀረው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያልወረደው ፋይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠራው፣ ጊትም «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም።